በውሃ የሞላሁት መርፌ

ጤና ሠራተኛ ሲፈራ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አውቀዋለሁ፤ ራሴ ነበርኩና። ሌላው ሰው ሲፈራ ይጠይቃል፣ ይጨቃጨቃል፣ ጠበል ይሄዳል። እኛ ስንፈራ ነጭ ጋዋናችንን ለብሰን እንስቃለን፤ ከዚያ ቁጭ ብለን ካርድ እንጽፋለን። የማወራው ስለ አንድ ካርድ ነው። በእጄ ጽፌዋለሁ፣ በእጄ ፈርሜበታለሁ። በሱ ምክንያት የምወዳት ሰው ከሞት ጋር ስትታገል አጠገቧ ቆሜ አፌን ዘጋሁ።

ዘመኑ የደርግ ነው። ናዝሬት ውስጥ ባለ አንድ ጤና ጣቢያ ድሬሰር ነበርኩ። ቁስል አጥባለሁ፣ መርፌ እቀቅላለሁ፣ እወጋለሁ፣ ካርድ እጽፋለሁ። ሃያ አራት ዓመቴ ነበር። አፌ ደፋር ነው፤ ልቤን ግን ተዉት።

ያን ዓመት በጋው ከረረ። ነፋሱ ከጠዋት ጀምሮ አቧራውን ያነሳዋል። በርና መስኮት ዘግተን እንኳ የመድኃኒት መደርደሪያው ላይ በጣት ስም የሚጻፍበት አፈር ተኝቶ እናገኛለን። የሰው ሁሉ ጉሮሮ ደርቆ ከተማው በሙሉ ያስላል። ጥር ሲገባ ከአዋሽ ወዲያ ካሉት እርሻዎች በጭነት መኪና ሰው ይመጣልን ጀመር፤ አንገቱ ወደ ኋላ የተገተረ፣ ብርሃን ሲያይ የሚጮህ ሰው። መጀመሪያ አንድ፣ ከሦስት ቀን በኋላ ሁለት፣ ከዚያ መቁጠር ተውን። ማጅራት ገትር ነበር። ይህ በሽታ መሆኑን ከማወቃችን በፊት አንድ የአገዳ ቆራጭ እጄ ላይ ሞተ፤ በማግሥቱ ጋዋኔን ሦስት ጊዜ አጠብኩት።

ክትባቱ ከአዲስ አበባ በሣጥን መጣ። አብሮትም ትእዛዝ ወረደ፦ ከሕዝቡ በፊት ጤና ሠራተኛው ይከተብ። ወረደ እንጂ ማን ተከተበ! ከመርፌ ክፍሉ ጀርባ ሻይ የምንጠጣባት ጠባብ ክፍል ነበረች፤ ወሬው ሁሉ የሚፈላው እዚያ ነው። መጋዘን ያዡ፣ «እኔ አልወጋም፤ ላምባ አልቆ ፍሪጁ ሁለት ቀን ጠፍቶ ነበር፤ በረዶው ቀልጦ በዓይኔ አይቻለሁ» አለ። የላቦራቶሪው ሰውዬ ደግሞ፣ «ይሄ እኮ በወታደር ላይ ሲሞክሩት የነበረው ነው» አለና ግራ ቀኙን አይቶ ድምፁን ቀነሰ። የጽዳት ሠራተኛዋ፣ «ማኅፀን ያደርቃል አሉ» አለች። ማን አለ ብሎ የጠየቀ ሰው የለም። እኔም አልጠየቅሁም። ሻይዬን ጨርሼ ወጣሁና ይህንኑ መድኃኒት ለሕዝቡ «ምንም አይልሽም የኔ እናት፣ እጅጌሽን ሰብስቢ» እያልኩ ስወጋ ዋልኩ። እኛ እኮ የውስጥ አዋቂዎች ነን! ሌላው ይመን፣ እኛ እናውቃለን። ምን እንደምናውቅ ግን አንዳችንም በቅጡ አናውቅም ነበር።

በጤና ጣቢያችን አንድ የቆየ ልማድ ነበር። አንዱ ለአንዱ ካርድ ይጽፋል። የዓመት የጤና ምርመራም ሆነ ክትባት፣ ሠራተኛው ደሙን አይሰጥም፣ ክንዱን አይዘረጋም፤ ባልደረባው ጽፎ ይፈርምለታል። እሱም በተራው ይጽፋል። በዓይናችን ክፉ ነገር አልነበረም፤ ውለታ ነበር። እምቢ የሚል ቢገኝ፣ «ምነው፣ ፓርቲ ገባህ እንዴ?» ብለን እንስቅበታለን። እኔ በዚያ ቤት የተማርኩት የመጀመሪያው ሥራ መርፌ መውጋት ሳይሆን የሌላውን ካርድ በንጹሕ የእጅ ጽሑፍ መሙላት ነው ብል ማጋነን አይደለም።

አሁን ወደ እሷ ልምጣ። ሲስተር ነው የምንላት፤ ነርስ ናት፣ የኔ አለቃ። በስምንት ዓመት ትበልጠኛለች። መጀመሪያ አንቱ እላት ነበር፤ «አንቱታውን ለእናቴ አስቀምጪላት፣ እኔን አታስረጂኝ» ብላ አስተወችኝ። ሳቋ ከመርፌ ክፍሉ ተነስቶ መንገድ ድረስ ይሰማል። ሰክሮ የመጣ ወታደር ሽጉጡን ጠረጴዛ ላይ ቢያስቀምጥ፣ «አንሳልኝ፣ እዚህ ጥጥ ነው የምናስቀምጠው» ትለዋለች፤ ያነሳል። በዓለም ላይ የምትፈራው ነገር ያለ አይመስለኝም ነበር። ባሏ ሰሜን ግንባር ነው። በሰባት ዓመት ትዳር ሁለት ጊዜ አስወርዷት ልጅ አላየችም። በዚህ የተነሳ የባሏ ዘመዶች ምን እንደሚሉ፣ ፊት ለፊት ባይሉትም፣ ታውቃለች።

ክትባቱ በመጣ በሳምንቱ መጋዘን ውስጥ ጎትታ አስገባችኝ። በሩን በጀርባዋ ደገፈችው።

«ለማንም እንዳትተነፍሺ። አራተኛ ወሬን ይዣለሁ።»

እልል ልል አፌን ስከፍት በእጇ ዘጋችው። «ዝም በይ! ሳይሟርቱብኝ። እኔ ይህን መርፌ አልወጋም፣ ሰማሽ? ሰባት ዓመት የለመንኩትን በአንድ ጠብታ አላጣም። ላምባ ያለቀበት ፍሪጅ ውስጥ የሰነበተ ነገር ሰውነቴ አይገባም። ካርዴን አንቺ ትሞዪልኛለሽ።»

አንድ ያላት እንቅልፍ የላት ይባላል፤ እሷ ገና አንዱ ሳይወለድ ነበር እንቅልፍ ያጣችው። ምን ልበላት? እሺ አልኳት። የራሴንም ተውኩት። እኔ ነፍሰ ጡር አይደለሁም፣ ፍሪጁንም አላየሁም፤ ግን ያቺ ወታደር የማትፈራ ሴት የፈራችውን እኔ ልድፈር? ይኸው ነው ምክንያቴ፤ ሌላ የለኝም።

ከዚያ በዘመቻ ተላክን፤ ሲስተር፣ እኔና ሾፌሩ። የሄድንበት ስሙን የማልጠራው አንድ የመንግሥት እርሻ ነው። አገዳ ቆራጮቹ በረድፍ በተሠሩ የቆርቆሮ ቤቶች ይኖራሉ፤ ባንድ ክፍል ስምንትም ዐሥርም ሰው ጎን ለጎን ይተኛል። ከከምባታ የመጣ አለ፣ ከሀዲያ የመጣ አለ፣ የአካባቢው ኦሮሞም አለ። የተቃጠለ አገዳ ጥላሸት ከሰማይ እየረገፈ ራሳችን ላይ ያርፋል። ጠረጴዛ ዘረጋን፣ ፕሪሙሱን ለኮስን፣ መርፌዎቹን ቀቀልን፣ ካርዶቹን ደረደርን። ሰው ግን አልቀረበም። ወንዶቹ ራቅ ብለው ቆሙ፤ ስም እየተጻፈ ካርድ ሲሰጥ ያዩ ሁሉ ለብሔራዊ ውትድርና እየተመዘገቡ መስሏቸዋል። ሴቶቹ ደግሞ በአንዲት አሮጊት ኋላ ተኮልኩለዋል። አሮጊቷ የካምፑ አዋላጅ ናቸው። እሳቸው ያልረገጡትን ደጃፍ ማንም አይረግጥም።

ቀረብ አሉና ጠረጴዛውን አዩት፣ እኔንም አዩኝ። «አካም ጅርታ፣ ኢንተላ ኮ» አሉኝ፤ እንደምን አለሽ ልጄ ማለታቸው ነው። «ይሄን እናንተ ተወግታችኋል?»

አፌ ላይ «አዎ» መጥቶ ሳለ የካምፑ ካድሬ ቀደመኝ። ካኪ ልብሱን አቧራ እንዳይነካው የሚያራግፍ፣ የራሱን ድምጽ መስማት የሚወድ ሰው ነበር። «በሚገባ! እንዲያውም እዚሁ በሰፊው ሕዝብ ፊት ይወጋሉ! ጓድ ሲስተር፣ አርአያ ሁኑ!» ብሎ አጨበጨበ። ያጨበጨበ ሌላ ሰው አልነበረም። ሁሉም እኛን ያያል።

ሲስተር ዞር ብላ አየችኝ። ፈገግ ብላለች፤ ዓይኗ ግን እየለመነኝ ነው። «በይ ሙዪልኝ» አለች።

ክትባቱ ሲመጣ ደረቅ ዱቄት ነው። ለብቻው በሌላ ብልቃጥ መበጥበጫ ውሃ አብሮት ይመጣል። ውሃውን በመርፌ ስበህ ዱቄቱ ውስጥ ትጨምራለህ፣ ትበጠብጠዋለህ፣ ከዚያ ትወጋለህ። የተበጠበጠውም ባዶው ውሃም ጥርት ያሉ ናቸው፤ አጠገቤ የቆመ ሰው እንኳ አይለያቸውም። ውሃውን ሳብኩ፣ ወደ ዱቄቱ አልሄድኩም። አየሩን አስወጣሁ። ክንዷን በአልኮል ጠረግሁና ወጋኋት። «ኧረ ገደለችኝ!» ብላ ቀለደች፤ ሴቶቹ ሳቁ። ቀጥላ እሷ እኔን ወጋችኝ፣ ሾፌሩንም፤ ከዚያው ውሃ። ካድሬው ካርድ ይሞላ አለ። በንጹሕ የእጅ ጽሑፌ ስሟን፣ ቀኑን፣ የክትባቱን ዓይነት ጻፍኩ፤ ፈረምኩ። አሮጊቷ የሲስተርን ክንድ ቀረብ ብለው አይተው፣ የደም ጠብታዋን ካዩ በኋላ፣ እጅጌያቸውን ሰበሰቡ። ለሳቸው ግን ትክክለኛውን ወጋኋቸው። ለሁሉም ትክክለኛውን ነው የወጋሁት፤ በማርያም እምላለሁ። ውሃው የኛ ብቻ ነበር።

የካምፑን ግማሽ ጨረስን። ከመስኖው ቦይ ማዶ ያሉትን ረድፎች ለሌላ ጊዜ ቀጠርናቸው። በማግሥቱ የእርሻው ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ «ጤና ሠራተኞች በሕዝብ ፊት ተከትበው አርአያ ሆኑ» የሚል ተለጠፈ። ሾፌሩ ሲያነብልን ሦስታችንም ሳቅን። ከዚያ ሦስት ሳምንት ሙሉ ከካምፕ ካምፕ ዞርን። የሚያስሉብንን እንወጋለን፣ የታመሙትን እያገላበጥን እናያለን። ሲስተር ሆዷን በጋዋኗ ትሸፍናለች፤ ማታ ማታ መኪና ውስጥ ተቀምጣ ሆዷ ላይ እጇን አድርጋ ታንጎራጉራለች። እያየኋት ደስ ይለኛል፤ ወዲያው ደግሞ ደስታው ይጠፋብኛል።

አንድ ሰኞ ጠዋት ሥራ አልገባችም። ቤቷ ስሄድ ተጠቅልላ ተኝታለች፤ ትኩሳቷ ይጋረፋል፣ ጭንቅላቴን ትላለች፣ ታስታውካለች። ደግፌ ጤና ጣቢያ አመጣኋት። መንገድ ላይ እንኳ እያዘዘችኝ ነው። «ወባ ነው፤ ራሴን አውቀዋለሁ። ደሜን ይዩት፤ ኪኒን ይስጡኝ። አንቺ ዝም በይ እሺ?» ደሟ ታየ፤ ወባ ተገኘበት። በኛ ቆላ ማን ነው ደሙ ውስጥ ወባ የማይገኝበት? እሷ ግን አልጋው ላይ ሆና አሸነፍኩ አይነት ፈገግ አለች። «አላልኩሽም?» አለችኝ። ስንት በሽተኛ እንዲህ ብሎ ለራሱ በሽታ ስም ሲያወጣ የተቆጣች ሴት፣ በራሷ ሲደርስ ያንኑ አደረገችው።

ዶክተሩ ከመጣ ስድስት ወር ያልሞላው ወጣት ነበር፤ ቀስ ብሎ የሚናገር፣ ሁሉን የሚጠይቅ። ዓይኗን አየ፣ ሆዷን ዳሰሰ። «እነዚያ ካምፖች ውስጥ ነው የሰነበታችሁት። ማጅራት ገትርን ማሰብ አለብን። ተከትባለች?»

«ካርዴ ቦርሳዬ ውስጥ አለ» አለች ሲስተር ዓይኗን ጨፍና።

አውጥቼ ሰጠሁት። አነበበው። «ፊርማው ያንቺ ነው?»

«አዎ ዶክተር።»

«ራስሽ ወግተሻት?»

«ራሴ።»

ራሱን ነቀነቀ፤ እፎይ ያለ መሰለኝ። «ጥሩ። ከሦስት ሳምንት በፊት ከሆነ እንግዲህ እሱን እንተወው። ነፍሰ ጡርን ያለ ምክንያት ጀርባዋን በመርፌ መውጋት አልፈልግም። የወባውን ቀጥሉላት።» ካርዱን መለሰልኝ። ያኔ ልናገር እችል ነበር። አፌን ከፈትኩ እኮ! ግን እሷ ከአልጋው ላይ ዓይኗን ገልጣ አየችኝ፤ ዘጋሁት። ይህኛውን ይቅር እላለሁ፤ ሁለታችንም ወባ መስሎን ነበር። የማልምረው የሚቀጥለውን ነው።

ስድስት ሰዓት ሲሆን ውሃ አምጪልኝ አለችኝ። ብርጭቆውን ይዤ በግራ እጄ ራሷን ቀና ላደርጋት ስል ትከሻዋ አብሮ ተነሣ። ራሷ ብቻውን አልመጣም። እንደገና ሞከርኩ። አንገቷ አልታጠፈም፤ እንደ እንጨት። ቃሰተችና፣ «ተይው፣ ብርሃኑንም ዝጊው» አለች። ብርጭቆውን አስቀመጥኩ። እጄ ላይ የሞተው አገዳ ቆራጭ በዓይኔ መጣ። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይላሉ፤ ይኸው ደረሰ።

አወቅሁ። ያን ሰዓት፣ በቀትር፣ እኔ ብቻዬን አወቅሁ። ከክፍሉ እስከ ዶክተሩ ቢሮ ሃያ ርምጃ አይሞላም። ወጣሁና ኮሪደሩ ላይ ቆምኩ። ምን ልለው ነው? ካርዱ ሐሰት ነው? በሕዝብ ፊት፣ በካድሬው ፊት፣ በሰሌዳ ተለጥፎ የተመሰገነውን መርፌ በውሃ ሞላሁት? ከጥቂት ወራት በፊት የቀድሞው መጋዘን ያዣችን ጥቂት ካርቶን የወባ ኪኒን ጎድሎበት «አሻጥር» ተብሎ በጂፕ ሲወሰድ አይቻለሁ። ሚስቱ አሁንም በየሳምንቱ ስንቅ ይዛ እየሄደች ስንቁን ይዛ ትመለሳለች። ያ ለኪኒን ነው፤ ይህ በዘመቻ ላይ፣ በአብዮቱ ስም የተሠራ ነው። ግድግዳውን ይዤ ሳለሁ የዶክተሩ በር ተከፈተና ራሱ ወጣ።

«እንዴት ናት?» አለኝ።

«ደህና ናት ዶክተር። ተኝታለች።»

በቃ። ይህንን ነው ያልኩት። «እንቅልፉ ይበጃታል» ብሎ አልፎ ሄደ። ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ ማን እንዳለው አላውቅም፣ ዝምታዬ እዚያው ቆሜ ሳለሁ ሲሸት ይታወቀኝ ነበር። ተመልሼ ገብቼ መጋረጃውን ዘጋሁ፣ ግንባሯን በርጥብ ጨርቅ አበረድኩ። ምናልባት ወባው ነው፣ ምናልባት አንገቷን ያደረቀው የሰሞኑ የመኪና መንገድ ነው፣ ነገ ይለቃታል እያልኩ ለራሴ ተረት አወራሁ። ተራዬ ሲያልቅ ቤቴ ሄድኩ። ሄድኩ እኮ! ራቴንም በላሁ።

ጠዋት ስመጣ በስሟ ጠራኋት፣ አልመለሰችም። ዓይኗ ተገልጧል፤ እኔን ግን አያየኝም። «እማዬ» አለችኝ፣ «በሩን ዝጊው፣ ነፋስ ገባ።» በሩ ዝግ ነበር። ከዚያ በኋላ ስለ ጂፑ አላሰብኩም። ሮጥኩ። ዶክተሩ እጁን እየታጠበ ነው።

«አልተከተበችም! ውሃ ነው የወጋኋት፣ ካርዱ ውሸት ነው፣ እባክዎ ዶክተር፣ አንገቷ ደርቋል!»

አልጮኸብኝም። ቢጮኽብኝ ይሻለኝ ነበር። ሳሙናው እጁ ላይ እንዳለ አየኝና ገፍቶኝ ሮጠ። ጀርባዋን ወግቶ ሲቀዳ የወጣው ፈሳሽ እንደ ውሃ የጠራ አልነበረም፤ ሩዝ የታጠበበት ይመስል ነበር። ያለንን ፔኒሲሊን በሙሉ አመጣሁ። አራት ቀን በየሰዓቱ እየወጋሁ አጠገቧ ተቀመጥኩ። ስለቴን ለማን ለማን እንዳላካፈልኩ አልነግራችሁም፤ ከማርያም እስከ ገብርኤል ያልነካሁት የለም። ዶክተሩ በነዚያ ቀናት ስለ ካርዱ አንድ ቃል አልተነፈሰም። ካርዱን ከሰው ሁሉ ዓይን ሰወር አድርጎ ቀድዶ ኪሱ ሲከተው ብቻ አየሁ።

አልሞተችም። በስድስተኛው ቀን ዓይኗ ጠራና አወቀችኝ። ደስታዬን እንዴት ልንገራችሁ! እያለቀስኩ፣ እየሳቅኩ፣ እጇን እየሳምኩ ለፈለፍኩ። ሆዷንም እየነካሁ፣ «አለ እኮ፣ ልጅሽ አለ፣ ልቡ ይመታል» አልኳት። ግንባሯን ቋጠር አድርጋ አየችኝ።

«ምን ታንሾካሽኪያለሽ?» አለች። «ጮክ በይ እንጂ።»

ጮክ አልኩ። ዶክተሩም መጥቶ ጮክ አለ። አጠገቧ የብረት ሳህን ጣልኩ፤ ዞር አላለችም። «ምነው ሁላችሁም ታንሾካሹካላችሁ?» ደጋግማ ጠየቀች፤ ድምጿ እየጨመረ፣ እየጨመረ ሄደ። ያን ድምጽ መላው ኮሪደር ሰማው፤ ከሷ በቀር።

ኋላ ዶክተሩን ብቻውን አገኘሁት። «አንድ ቀን ቀደም ብሎ ቢታወቅ ኖሮስ?» አልኩት።

«ምናልባት» አለኝ። «በዚህ በሽታ ሰዓትም ብዙ ነው። ግን መቼ ይታወቅ ነበር? አንቺ እንዳየሽ ነገርሽኝ።» እንደዚያ ነበር የሚያምነው። አላረምኩትም።

ወሬው ከኛ ቀድሞ ወደ እርሻው ሄደ። ከቦዩ ማዶ ያሉትን ረድፎች ለመከተብ ከሌላ ነርስ ጋር ስንመለስ በሮች ተዘግተው ቆዩን። አሮጊቷ ብቻ ወጡ። ካድሬው ሲጮህባቸው ዞር ብለው አላዩትም። እኔን ነው ያዩት።

«ያቺ በፊታችን የተወጋችው ደነቆረች አሉን» አሉኝ። «እኔ አንዴ ተወግቻለሁ፣ እግዜር ያውቃል። እነዚህን ግን አላስወጋም። መርፌው ነው ያደነቆራት?»

«አይደለም» አልኩ።

«እና ምንድን ነው?»

ሁሉም ይሰማል፤ ካድሬው አጠገቤ ነው። እውነተኛውን መርፌማ ተወግታ ቢሆን ኖሮ ጆሮዋ ይተርፍ ነበር ልል ይገባኝ ነበር። ብልስ ኖሮ? ውሃ የወጋች እጅ ምን እንደወጋቻቸው በምን ያምናሉ? «በሽታ ነው እማማ፣ ሌላ በሽታ» አልኳቸው። ፊቴን ረዘም አድርገው አዩና ገቡ፤ በሩንም ከውስጥ ሸጎሩት። ከሳምንት በኋላ በዚያ መንገድ ስናልፍ የካምፑ ሰዎች በነጠላ የተጠቀለለ ነገር ይዘው ወደ መቃብሩ ሲሄዱ አየሁ፤ አጭር ነበር፣ አንድ ሰው ብቻውን ይሸከመዋል። ከየትኛው ረድፍ እንደሆነ አልጠየቅሁም።

ክረምት ሲገባ ሲስተር ሴት ልጅ ወለደች። ደህና፣ ወፍራም፣ አልቃሻ። ከጤና ጣቢያው በሕመም ተሰናብታ ቤቷ ትውላለች። አራስ ልጠይቅ ገንፎ ይዤ ሄድኩ። የመጣ ሰው የሚጽፍላት አንድ ደብተር ነበራት፤ እስክሪብቶው በክር ታስሮበታል። ገለጥ ገለጥ አደረግሁት፤ የጎረቤት ሁሉ የእጅ ጽሑፍ ነው። «እንኳን ማርያም ማረችሽ»፣ «ዝናቡ በረታ»፣ «ልጅቷ አለቀሰች»። ይህ የመጨረሻው በየገጹ ብዙ ጊዜ ተጽፏል።

ልጅቷን ጭኔ ላይ አስቀመጠችልኝ። «ያን ቀን ባትናገሪልኝ ይህች አትኖርም ነበር» አለችኝ። «ዶክተሩ ጽፎልኛል። ወዲያው ሮጠሽ ነገርሽው አለ። እኔ አፍሽን ይዤ አንቺ አዳንሽኝ።» ዓይኗ እንባ ሞላ። እጄን ወስዳ ሳመችው።

ያን እጅ! ደብተሩ ከጉልበቴ አጠገብ ነው። መጻፍ ነበረብኝ፤ ሁለት መስመር ይበቃው ነበር። አንገቴን ደፍቼ ወደ ልጅቷ ዞርኩና በአፌ ተናገርኩት፤ በሚሰማ ድምጽ፣ ለሚሰማ ሰው እንደሚነገር። «በቀትር አውቄ ነበር። አንገትሽ አልታጠፈም፤ ዶክተሩ ጠየቀኝ፣ ደህና ናት አልኩት። ለራሴ ፈራሁ። ቤቴ ሄጄ ራቴን በላሁ። ጆሮሽን ያጠፋሁት እኔ ነኝ።» ተናግሬ ስጨርስ ደረቴ ቀለል አለኝ፤ እፍረተ ቢስ!

ጣቷ አገጬን ሲይዘኝ ደነገጥኩ። ፊቴን ቀስ አድርጋ ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞረችው።

«ከንፈር ማየት እየተማርኩ ነው» አለች፤ ድምጿ ለዚያች ክፍል ይበዛ ነበር። «ፈራሁ ያልሽ መሰለኝ። ምኑን ነው የፈራሽው? ቀስ ብለሽ ድገሚልኝ።»

ዓይኗ አፌ ላይ ተተክሏል። እየጠበቀችኝ ነው። ቀስ ብዬ፣ እያንዳንዱን ቃል በከንፈሬ እያሳየሁ፣ «ልጅሽ፣ አንቺን፣ ትመስላለች፣ አልኩሽ» አልኳት።

«ሂጂ ወዲያ! ቁርጥ አባቷን ናት እንጂ!» ብላ በዚያ መንገድ ድረስ በሚሰማ ሳቋ ሳቀች። እኔም አብሬያት ሳቅሁ።